ለአረጋውያን ወላጆች መኖሪያ የሚያፈላልጉ ድርጅቶች፦ በአሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እናት ወይም አባት ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ልጆች ቤት ፍለጋ የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ በጥድፊያ ነው። አባት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ሆስፒታሉ «ነገ ይወጣሉ» ብሏል፣ ሶሻል ወርከሯ የስም ዝርዝር ያለበት ወረቀት ሰጥታ ሄዳለች። ማታ ስልኩን ይዞ «አሲስትድ ሊቪንግ» (እርዳታ ያለበት የአረጋውያን መኖሪያ) ብሎ የፈለገ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው መኖሪያ ቤቶቹን ሳይሆን «በነጻ እናፈላልግላችኋለን» የሚሉ ድርጅቶችን ነው። እነዚህ ድርጅቶች ይጠቅማሉ። የሚጠቅሙት ግን ገንዘባቸው ከየት እንደሚመጣ አውቆ ለሚጠቀምባቸው ሰው ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህንን የሚረዳው ውል ከፈረመ በኋላ ስለሆነ አንዳንዶቹን መልሶች ዘርዘር አድርጌ ጽፌያለሁ።

አፈላላጊ ድርጅት በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

በድረ ገጹ ፎርም ትሞላላችሁ ወይም ትደውላላችሁ። «አድቫይዘር» የሚባል ሰው ስለ ወላጃችሁ ይጠይቃል፦ ዕድሜያቸውን፣ ሕመማቸውን፣ ራሳቸውን ችለው ይራመዱና ይታጠቡ እንደሆነ፣ የትኛውን አካባቢ እንደምትፈልጉ፣ በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉ። ከዚያ የጥቂት ቤቶችን ስም ይሰጣችኋል፣ የጉብኝት ቀጠሮም ይይዝላችኋል። ቤቶቹ የእሱ አይደሉም፣ የመንግሥት ሠራተኛም አይደለም። ሥራው የድለላ ሥራ ነው። ይህን የምለው ለማንቋሸሽ አይደለም፤ አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ጥሩ ደላላ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በመላ አገሪቱ የሚሠራ፣ በስልክና በኢሜይል ብቻ የሚያማክር ትልቅ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው በአንድ ከተማ ዙሪያ የሚሠሩ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር የነበሩ ሲሆኑ አንዳንዶቹ አብረዋችሁ ሄደው ቤቱን ያሳያሉ። ምርጫ ካላችሁ እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። የትኛውንም ብትይዙ መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «እዚህ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ በአካል የገቡት መቼ ነው?» መልሱ «እኔ እንኳ አልሄድኩም፣ ግን ጥሩ አስተያየት አለው» ከሆነ፣ እሱ የሚያውቀውን እናንተም ስልካችሁ ላይ ልታነቡት ትችላላችሁ።

በእርግጥ ነጻ ነው? ታዲያ ማን ይከፍላቸዋል?

ከእናንተ ኪስ ቀጥታ አይወጣም። የሚከፍለው ወላጃችሁ የሚገቡበት ቤት ነው፣ የሚከፍለውም ከገቡ በኋላ ነው። ኮሚሽኑ ከውል ውል ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር ኪራይ ጋር ይቀራረባል። ኬርስካውት የተባለው ድርጅት ባወጣው የ2024 የዋጋ ጥናት የአሲስትድ ሊቪንግ መካከለኛ (ሚዲያን) ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ በወር 5,900 ዶላር ነበር። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ሲገባ ለአፈላላጊው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል ማለት ነው።

ይህ ሕገ ወጥ አይደለም፣ መደበቅም አልነበረበትም። ነገር ግን ምክሩን ይቀርጸዋል። ዝርዝሩ ላይ የሚወጡት ከድርጅቱ ጋር ውል ያላቸው ቤቶች ናቸው። ተራ የሚጠበቅበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ቤት ኮሚሽን የሚከፍልበት ምክንያት ስለሌለው አይገባበትም። 5 እና 6 ሰው የሚይዙ ትንንሽ ቤቶችም ብዙዎቹ አይገኙበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እናታችሁ አሁን ባሉበት ቤት ተንከባካቢ በቀን ጥቂት ሰዓት ቢመጣላቸው ይበቃቸዋል» ብሎ ለሚመክር አድቫይዘር የሚከፍለው ቤት የለም። ቅን ሆነው ይህንን የሚሉ አሉ፤ ሲያጋጥሟችሁ ያዟቸው።

በራሴ ብሄድ ኪራዩ ይቀንስልኛል?

አብዛኛውን ጊዜ አይቀንስም፤ ቤቱ ለገበያ ሥራ የሚያወጣውን ወጪ በሁሉም ነዋሪዎች ኪራይ ላይ አስቀድሞ አስልቶታል። ግን ጠይቁ። በአፈላላጊ በኩል ካልመጣችሁ ቤቱ ኮሚሽን ተርፎለታል። «የመግቢያ ክፍያውን ተዉልን» ወይም «የመጀመሪያውን ወር ቀንሱልን» ለማለት ይህ በቂ ምክንያት ነው፤ ባዶ ክፍል ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ይደራደራል።

አባቴ የትኛው ዓይነት ቤት እንደሚያስፈልጋቸው አድቫይዘሩ ይነግረኛል?

ይነግራችኋል፤ ግን በስልክ 20 ደቂቃ የተነጋገረ ሰው ግምት ነው። ስሞቹን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። «ኢንዲፔንደንት ሊቪንግ» ራሳቸውን ለሚችሉ አረጋውያን የተዘጋጀ አፓርትመንት ነው፤ እንክብካቤ የለውም። «አሲስትድ ሊቪንግ» በመታጠብ፣ በመልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ በመውሰድ ላይ እርዳታ ለሚፈልጉ ነው። «ሜሞሪ ኬር» የመርሳት በሽታ ላለባቸው፣ በሩ የሚጠበቅ ክፍል ወይም ሕንፃ ነው። «ነርሲንግ ሆም» ቀንም ሌሊትም የነርስ ክትትል ለሚሹ ነው። በአንዳንድ ግዛቶች ደግሞ በተራ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቤት ጥቂት ሰዎችን የሚይዙ፣ ስማቸው ከግዛት ግዛት የሚለያይ ትንንሽ የእንክብካቤ ቤቶች አሉ።

ውሳኔው መመሥረት ያለበት ወላጃችሁን በሚያክሙ ሐኪም ምርመራ ላይ ነው። የሆስፒታሉን የመውጫ ሰነድና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ማስታወሻ ጠይቃችሁ ውሰዱ። አቅም ካለ፣ በሰዓት የሚከፈላቸው የአረጋውያን እንክብካቤ አስተባባሪዎች አሉ፤ «ኤጂንግ ላይፍ ኬር ማኔጀር» ይባላሉ። ቤት መጥተው ወላጃችሁን በአካል ያያሉ፣ ከፋዩም እናንተ ስለሆናችሁ ምክራቸው ወደ ማንም ቤት አያዘነብልም። አንድ ጊዜ ብቻ ማማከር እንኳ ወላጅን ላልሆነ ቤት አስገብቶ እንደገና ከማንሳት ያድናል።

ሜዲኬር ይከፍላል?

ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የፌደራል የጤና መድን፣ የአሲስትድ ሊቪንግን ኪራይ አይከፍልም። ነርሲንግ ሆምን በተመለከተ የሚከፍለው ለአጭር ጊዜ ሕክምናና ማገገሚያ ብቻ ነው። መደበኛው ሜዲኬር ታማሚው ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን ሆስፒታል ከተኙ በኋላ እስከ 100 ቀን ይሸፍናል፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ፣ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ የታማሚ ድርሻ እየተጨመረበት። ይህም ቢሆን ማገገሚያው በሕክምና አስፈላጊ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ነገር አለ፦ ወላጃችሁ አልጋ ላይ ተኝተው ሳለ ሆስፒታሉ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ) ብሎ መዝግቧቸው ከሆነ እነዚያ ቀናት ከ3ቱ አይቆጠሩም። ገና ሆስፒታል ሳሉ «የተመዘገቡት ኢንፔሸንት (ተኝቶ ታካሚ) ሆነው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኢንሹራንስ በኩል በሚሰጠው ሜዲኬር) ያሉ ደግሞ ደንቡ ሊለያይ ስለሚችል ለኢንሹራንሱ ይደውሉ።

ወላጅ በጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ወይም የአገልጋይ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ከሆኑ «ኤይድ ኤንድ አተንዳንስ» የሚባለውን የአርበኞች ጉዳይ ድጎማ ጠይቁ።

ሜዲኬይድ አለን ስንላቸው ፊታቸውን ያዞሩብናል። ለምን?

ይህ ጥያቄ የሚያሳዝን ነው፤ ብዙ ሰው በዘር ወይም በቋንቋ የተናቀ መስሎት ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ይዘጋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። እንደ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ያሉ የፌደራል የጤና ፕሮግራሞች ለሚከፍሉለት ታማሚ፣ ሰው ስላመጣህልኝ ብሎ ገንዘብ መክፈልንም መቀበልንም የፌደራል ፀረ ጉቦ ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ በሜዲኬይድ የሚከፍል ቤተሰብ ለአፈላላጊው ገቢ አያመጣም። አንዳንዱ ይህንን በግልጽ ተናግሮ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራል። አንዳንዱ ግን «እንደውልላችኋለን» ብሎ ይጠፋል፣ ቤተሰቡም ጥሪ ሲጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ።

እናንተ ልትሄዱበት የሚገባው የአካባቢያችሁ የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኤርያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ» ይባላል። እነዚህ ቢሮዎች በ1973 የተቋቋሙ፣ በ1965 በወጣው የአረጋውያን ሕግ ገንዘብ የሚደገፉ ናቸው፣ ከቤቶችም ኮሚሽን አይቀበሉም። የትኛው ቢሮ የእናንተ እንደሆነ ለማወቅ «ኤልደርኬር ሎኬተር» ወደሚባለው የመንግሥት መስመር በ1-800-677-1116 ደውሉ። እንግሊዝኛው የሚከብድ ከሆነ ስልኩ እንደተነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ» ማለት ነው።

ለቢሮው ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ወላጃችሁ ቤታቸው ሆነው ወይም በአሲስትድ ሊቪንግ ውስጥ እንክብካቤ የሚያገኙበት የሜዲኬይድ «ዌይቨር» በግዛታችሁ አለ ወይ፣ ተራስ አለው ወይ። ተራ ካለ ዛሬውኑ አስመዝግቡ። ዌይቨሩ የሚከፍለው እንክብካቤውን እንጂ ኪራዩንና ምግቡን እንዳልሆነ ልብ በሉ። ሁለተኛ፣ በአካባቢያችሁ «ፔስ» የሚባለው ፕሮግራም አለ ወይ። ፔስ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነና የነርሲንግ ሆም ደረጃ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ቤታቸው እንዲቆዩ ሐኪሙን፣ መድኃኒቱን፣ መጓጓዣውንና የቀን መዋያውን አንድ ላይ አድርጎ ይሰጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሜዲኬይድ እንዲያገኙ» ተብሎ የወላጅን ቤት ወይም ገንዘብ በልጅ ስም ማዛወር ብዙ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሜዲኬይድ የነርሲንግ ሆም ማመልከቻ ሲመረምር ወደኋላ 5 ዓመት ያያል፣ በነጻ ለተሰጠ ንብረትም የሽፋን ቅጣት ይጥላል። ከማዛወራችሁ በፊት የአረጋውያን ሕግ ጠበቃ አማክሩ።

ወላጆቼ በግሪን ካርድ ከመጡ ገና 5 ዓመት ካልሞላቸውስ?

በልጅ ስፖንሰርነት ወይም በዲቪ ግሪን ካርድ የመጡ ሰዎች ለፌደራል ሜዲኬይድ በአጠቃላይ 5 ዓመት መጠበቅ አለባቸው። በአሜሪካ ሠርተው የሥራ ክሬዲት ያላጠራቀሙ ወላጆችም 65 ዓመት ሞልቷቸው፣ በግሪን ካርድ 5 ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ ወርኃዊ ክፍያ እየከፈሉ ሜዲኬር መግዛት ይችላሉ። አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ የሚያግዙበት መንገድ ስላላቸው «አይቻልም» የሚል አንድ መልስ ሰምታችሁ አትተዉት። አፈላላጊ ድርጅት ግን ይህንን የሚያማክር አካል አይደለም። በየግዛቱ «ሺፕ» የሚባል ነጻ የሜዲኬር ምክር አገልግሎት አለ፤ በኢሚግሬሽን በኩል ላለው ደግሞ ጠበቃ ያስፈልጋል፣ በተለይ የስፖንሰርነቱን ፎርም የፈረማችሁ ከሆነ።

ፎርሙን ከሞላሁ በኋላ ስልኬ ለምን አላርፍ አለ?

ቁጥራችሁ ለአንድ ሰው ብቻ ስላልተሰጠ ነው። ፎርሙን ልካችሁ ብዙም ሳይቆይ አድቫይዘሩ ይደውላል፣ ከዚያ ስማችሁ የተላከላቸው ቤቶች የሽያጭ ሠራተኞች በየተራ ይደውላሉ። «ላክ» ከሚለው ቁልፍ በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡት፦ ድርጅቱና «አጋሮቹ» እንዲደውሉላችሁና መልእክት እንዲልኩላችሁ ፈቅዳችኋል።

ቤቶቹ የሚጣደፉበት ምክንያት አለ። አፈላላጊው ስማችሁን ለአንድ ቤት ከላከ በኋላ፣ በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ እዚያ ከገባችሁ ኮሚሽኑ የእሱ ነው፤ ቤቱን ራሳችሁ ያገኛችሁት ቢሆንም። ይህ በእነሱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፣ ዕዳው እናንተን አይመለከትም። ግን ቀደም ሲል ያልኩትን የመደራደሪያ ዕድል ያሳጣችኋል።

ስለዚህ ከፎርም ይልቅ በስልክ ጀምሩ፤ መጀመሪያ የምትሉትም «ዝርዝሩን ሳላየው ስሜን ለማንም ቤት እንዳትልኩ» የሚል ይሁን፣ በኢሜይልም ድገሙት። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚሆን የኢሜይል አድራሻ ክፈቱ። የወላጃችሁን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ መረጃና ሙሉ የሕክምና መዝገብ ለአፈላላጊ አትስጡ፤ ለሥራው አያስፈልገውም። ጥሪው እንዲቆም ስትፈልጉ ለድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ስማችሁ ለተላከላቸው ቤቶች ሁሉ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ስለዚህ «ለእነማን ላካችሁ?» ብላችሁ ዝርዝሩን ተቀበሉ።

አድቫይዘሩ «በጣም ጥሩ ቤት ነው» ካለ ማመን እችላለሁ?

በወላጅ ጉዳይ የሌላ ሰው ቃል አይበቃም። የመንግሥትን የቁጥጥር ሪፖርት ራሳችሁ አንብቡ፤ በነጻ ነው።

ነርሲንግ ሆም ከሆነ «ኬር ኮምፔር» የሚባለው የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ የቤቱን ስም ስትጽፉ የኮከብ ደረጃ፣ የሠራተኛ ብዛትና የቁጥጥር ውጤት ይወጣል። አሲስትድ ሊቪንግ ግን እዚያ የለም፤ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው እያንዳንዱ ግዛት ነው። የግዛታችሁን ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ፈልጉ፣ ሪፖርቱን እዚያ ካጣችሁት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ቤቱንም «የመጨረሻውን የኢንስፔክሽን ሪፖርት አሳዩን» በሉ። ማሳየት የሚያቅማማ ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሪፖርት ስታነቡ ጥፋት መገኘቱ አያስደንግጣችሁ፤ ምንም ያልተጻፈበት ቤት ጥቂት ነው። የምትፈልጉት ተደጋጋሚውን ነው። የማቀዝቀዣ ሙቀት አልተመዘገበም የሚል አንድ ነጥብ ሌላ ነው፤ መድኃኒት ተሳስቶ መሰጠት፣ ነዋሪ ወድቆ ለቤተሰብ አለመነገር፣ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ሳይታይ ከቤት መውጣት ሌላ ነው። እነዚህ በተከታታይ ሪፖርቶች ላይ ከተደገሙ ሳሎኑ ምንም ያህል ቢያምር እለፉት።

አፈላላጊዎቹ ራሳቸው የሚቆጣጠራቸው ሕግ በብዙ ግዛቶች በጣም ትንሽ ነው። ዋሽንግተን ግዛት በ2011 ባወጣችው ሕግ እንዴት እንደሚከፈላቸው ለቤተሰቡ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች፣ ኦሬጎን ደግሞ እንዲመዘገቡ። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ «ከስንት ቤቶች ጋር ውል አላችሁ? ውል የሌላችሁን ቤት ስም ትሰጡኛላችሁ? ከየትኛው ቤት ስንት ይከፈላችኋል?» የሚለውን ራሳችሁ መጠየቅ ነው። ሦስተኛውን የሚመልስ ሰው ካገኛችሁ ለቀሪው ንግግሩም እምነት ልትጥሉበት ትችላላችሁ።

ለጉብኝት ስንሄድ ምን እንመልከት?

ቀጠሮ በተያዘበት ቀን የምታዩት ለእናንተ የተዘጋጀውን ነው፦ አበባ፣ ኩኪስ፣ ባዶና ንጹሕ ናሙና ክፍል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ሂዱ፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ በእራት ሰዓት፣ ሳትነግሯቸው። ቅዳሜና እሑድ የቢሮ ሠራተኞች አይኖሩም፣ ቤቱን የያዙት ተንከባካቢዎቹ ብቻ ናቸው።

መመገቢያው ክፍል ጥግ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ሾርባው እየፈሰሰባቸው ሳለ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ያጎርሳቸዋል ወይስ ሳህኑ ሳይነካ ይነሳል? ተንከባካቢዋ ስታናግራቸው በስማቸው ትጠራቸዋለች? ከወገቧ ጎንበስ ብላ ዓይናቸውን እያየች ነው ወይስ ከኋላ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋች? ኮሪደር ላይ የአንድ ክፍል የመጥሪያ መብራት ሲበራ ሰዓታችሁን ተመልከቱና ሰው እስኪገባ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያዙ። ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ደወል የሚጫኑ እናት ሰው ካልመጣላቸው ብቻቸውን ይነሳሉ፣ የሚወድቁትም ያን ጊዜ ነው።

ሽታ ይናገራል፤ የሽንት ሽታ በአንድ ቦታ ከሆነ አሁን የደረሰ ነገር ነው፣ ቤቱን ሁሉ ከሞላው ግን ሠራተኛ አይበቃም። ለአንዷ ተንከባካቢ «እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው?» በሏት። ከተቻለም የአንድ ነዋሪ ልጅ ፓርኪንግ ላይ አግኝታችሁ አናግሩ። ሌሊት ለስንት ነዋሪ ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቁ፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን አትቀበሉ፣ ቁጥር ጠይቁ።

ስለ ቋንቋና ምግብ ማን ይጠየቃል?

ቤቱ ራሱ። አድቫይዘሩ «ብዙ ባህል ያለበት ቤት ነው» ቢላችሁ፣ በየፈረቃው አማርኛ የሚናገር ሰው አለ ወይ፣ ከሌለ እናታችሁ ሌሊት ሲያማቸው በምን ይግባባሉ ብላችሁ ጠይቁ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች በኋላ የተማሩትን ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድመው ይረሳሉ፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ስለሚግባቡ ነገም ይግባባሉ ማለት አይቻልም። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት፣ ማለትም ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚቀበሉ ነርሲንግ ሆሞች፣ የቋንቋ እርዳታ በነጻ እንዲሰጡ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግዴታ አለባቸው። ሙሉ በሙሉ በግል ክፍያ የሚሠራ አሲስትድ ሊቪንግ ግን ይህ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። የሚበሉትና የማይበሉት ካለም ወጥ ቤቱን አናግሩና የተስማማችሁበትን በእንክብካቤ ዕቅዳቸው ላይ አስጽፉ።

ውል ስፈርም ምን ልጠንቀቅ?

አድቫይዘሩ ብዙ ጊዜ ውሉን አያነብላችሁም። ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱና ተረጋግታችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው ቦታ ዋጋው ነው። በስልክ የተነገራችሁ የክፍሉ ኪራይ ብቻ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ «ሌቭል ኦፍ ኬር» የሚባል የእንክብካቤ ደረጃ ክፍያ ይመጣል፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት መስጠት እየተቆጠረ የሚጨመር ነው። ደረጃውን ማን ይወስናል፣ በስንት ጊዜ ይከለሳል፣ በየዓመቱ ኪራዩ በስንት ሲጨምር ቆይቷል? «ኮሚዩኒቲ ፊ» የሚባለው የመግቢያ ክፍያስ ወላጅ በአንድ ወር ቢወጡ ይመለሳል? ገንዘቡ አልቆ ወደ ሜዲኬይድ ቢዞሩ ቤቱ ያስቀምጣቸዋል ወይስ ያስወጣቸዋል? ይህን የመጨረሻውን በጽሑፍ ካልሰጧችሁ እንዳልተነገራችሁ ቁጠሩት።

ሁለተኛው የእናንተ ፊርማ ነው። «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» በሚለው መስመር ላይ ስትፈርሙ ለወላጃችሁ ዕዳ በግላችሁ ዋስ እየሆናችሁ ሊሆን ይችላል። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም የዘመድ ዋስትናን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርግ በ1987 የወጣው የፌደራል ሕግ ይከለክለዋል፤ አሲስትድ ሊቪንግ ላይ ግን የየግዛቱ ሕግ ነው የሚሠራው። በውክልና የምትፈርሙ ከሆነ ከስማችሁ አጠገብ በወላጃችሁ ስምና በውክልና መሆኑን ጻፉ። ክርክር ሲነሳ ፍርድ ቤት ላለመሄድ የሚያስማማ የግልግል ወረቀት ከተሰጣችሁ ደግሞ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ያንን ካልፈረማችሁ አላስገባም ሊላችሁ አይችልም።

እናቴ «አልሄድም» ካሉስ?

አእምሯቸው የሚወስን ከሆነ ውሳኔው የእሳቸው ነው። የውክልና ወረቀት መያዝ እሳቸው እየተቃወሙ ቤት የማስገባት ሥልጣን አይሰጥም። አፈላላጊ ደግሞ «ዛሬ ካልያዛችሁ ክፍሉ ይሄዳል» ብሎ ሲያጣድፍ በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን አለመግባባት ያባብሰዋል። ብዙ ቤቶች «ረስፒት ስቴይ» የሚሉት አላቸው፤ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ገብቶ መቆየት ነው። «እግርዎ እስኪጠና ድረስ» ተብሎ የሚጀመር ቆይታ ለእናትም ለልጅም እውነቱን ያሳያል፦ ወይ ይለምዱታል፣ ወይ ደግሞ ቤታቸው ምን ቢደረግ መመለስ እንደሚችሉ ይታወቃል። ጉብኝቱንም ያለ እሳቸው አትጨርሱት። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነና አልጋቸው የት እንደሚቀመጥ እሳቸው ይምረጡ።

ከገቡ በኋላ ቤቱ ካልሆነላቸው አፈላላጊው ይረዳናል?

ሌላ ቤት ሊፈልግላችሁ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል፤ ቅሬታችሁን ግን የሚይዝላችሁ እሱ አይደለም፤ ያ ቤት ደንበኛው ነው። በየግዛቱ «ሎንግ ተርም ኬር ኦምቡድስማን» የሚባል በሕግ የተቋቋመ የነዋሪዎች ተሟጋች አለ፤ ለነርሲንግ ሆምም ለአሲስትድ ሊቪንግም ይሠራል፣ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ያለ ወላጃችሁ ፈቃድም ስማቸውን ለቤቱ አይሰጥም። ስልኩ በቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፣ ካጣችሁትም ከላይ በጻፍኩት የኤልደርኬር ሎኬተር መስመር ይነግሯችኋል። ከመደወላችሁ በፊት የሆነውን ነገር ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ የነበረውን ሠራተኛ ስም ጨምራችሁ ጻፉት፤ ቁስል ካለ ፎቶ አንሱ። በሕይወታቸው ላይ አደጋ ካያችሁ ግን ኦምቡድስማን እስኪመጣ አትጠብቁ፣ 911 ደውሉ፤ ቀጥሎም ለግዛቱ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት አመልክቱ።